ያቺ አንዷ ሴት

«እንደ ልጄ የተጠነቀቀ እህት የለም» አሉ እናት፣ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው እንደያዙ። «ሚጢ ፈራሁ ብላ ስትደውልላት፣ ይቺ አይዞሽ ብላ ብቻ አልተወቻትም። መሥሪያ ቤቷ ያለውን ሰነድ ገልጣ አየችላት እንጂ። እዚያ ጤና ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ በወሊድ የሞተችው አንዲት ሴት ብቻ ናት አለቻት። አንዲት! ከዚህ በላይ እህት ምን ታድርግ?»

«ምን ታደርጋለች» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ። «ቀን ሲጥል ነው እንጂ።»

«ቀን ነው እንጂ» አሉ ሌሎቹም፤ ሻያቸውንም ፉት አሉ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እናት ይህን ታሪክ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ተናግረውታል፤ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሡበታል፤ በተናገሩት ቁጥርም ትንሽ ቀለል ይላቸዋል። ታሪኩ የሚያቃጥለው አጠገባቸው የተቀመጠችውን፣ የሦስት ቀን ሕፃን የታቀፈችውን ትልቋን ብቻ ነበር። ሰፈሩ የሚጠራት በዚሁ ነው፤ ሚጢ ትንሿ፣ እሷ ትልቋ፤ በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት። አሁን ትንሿ የለችም። ትልቋ ከማን እንደምትበልጥ ሳይታወቅ ትልቋ እንደተባለች ቀርታለች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተሞልቷል፤ ገሚሱ የፕላስቲክ፣ ገሚሱ የእንጨት፣ አንዱ ደግሞ እግሩ የተሰበረ። የሟች ባል አናጢ ሆኖ ሳለ ማንም ሰው ያን ወንበር አልጠገነውም፤ ራሱ አናጢውም ጭምር። እሱ በዚያ ሳምንት የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ለሕፃኗ አልጋ ብሎ የገዛው ጣውላ ለእናቷ ሳጥን ዋለ። ሚጢ አጭር ስለነበረች ጣውላው ትንሽ ተርፏል፤ አልጋ ለመሆን ግን አይበቃም። ስለዚህ ሕፃኗ ከቁም ሣጥኑ በወጣ መሳቢያ ውስጥ፣ በእናቷ ሹራብ ላይ ትተኛለች። ካልሆነም ትልቋ ክንድ ላይ።

«ደም ነው አሉ?» አለች አንዷ ሴት ለልብስ ሰፊዋ፣ ሹክሹክታ መስሏት።

«ደም ነው። አዋላጇ ቆማ እያየቻት ነው አሉ የፈሰሰው። ከጠዋት እስከ ቀትር።»

«ምን ያለችው አረመኔ ናት!»

«ድሮም ፊቷ አይፈታም። እኔማ የሁለተኛ ልጄን ጊዜ ስንት ነገር ተናግራኛለች፤ ‹ዝም ብለሽ ግፊ› ነው ያለችኝ።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አዋላጇ ሃያ ዓመት ሙሉ የዚያን ሰፈር ልጆች ግማሹን በእጇ ተቀብላለች፤ በዚያ ክፍል ከተቀመጡት ውስጥም ሦስቱን። አሁን ግን ፊቷ የማይፈታ ሆነ። ትልቋ ሁሉንም ሰምታለች። ሕፃኗን ከቀኝ ክንዷ ወደ ግራ አዛወረቻት፤ ዝም አለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ ሆድ ውስጥ ስለሚገባው ግን ማንም አልተናገረም።

*

ትልቋ የምትሠራው በዋናው ከተማ፣ በጤና መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስታቲስቲክስ ክፍል ነው። መቶ አርባ ጤና ጣቢያዎች በየዓመቱ ቅጽ ይልካሉ፤ ስንት ሴት ወለደች፣ ስንቷ በቀዶ ጥገና፣ ስንቷ ሞተች። እሷ ቁጥሮቹን ትቀበላለች፣ ታጸዳለች፣ ትደምራለች። ማጽዳት ነው የሚሉት። ከስህተት ማጽዳት ማለታቸው ነው፤ እሷም በዚህ ሥራ እጅግ የተመሰገነች ነበረች።

ምስጋናው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የጣቢያ ጸሐፊ የአንዲትን ወላድ ዕድሜ የሟቾች ቁጥር በሚገባበት ዓምድ ጻፈው፤ ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት ሴት ሞተች ተብሎ ሪፖርቱ ትልቅ ስብሰባ ላይ ቀረበ። የክፍሉ ኃላፊ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላብ በላብ ሆነ። ሲመለስ ጠረጴዛ እየደበደበ «ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስብኝ!» አለ፤ ትልቋም በሳምንቱ ሕግ አውጥታ ሰጠችው። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ጣቢያ የላከው የሟቾች ቁጥር ካለፉት ዓመታት አማካዩ ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ያ ቁጥር የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ በአጎራባች ጣቢያዎች አማካይ ይተካ።

ኃላፊው «ይቺ ሴት ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ «የእሷ ሕግ» እየተባለ ይጠራ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ጥሩ ሠርቷል። አሥራ አንድ ስህተት ያዘ። አሥራ ሁለተኛው ግን ስህተት አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛው የመጣው አምና፣ ከተወለደችበት ሰፈር ጣቢያ ነው። ሌላ ጊዜ አንድ የሚልኩት፣ አንዳንዴም ዜሮ፣ ስድስት ብለው ላኩ። ትልቋ ቁጥሩን አየችው። ስድስትን በአንድ ተካችው፤ ጎኑ ላይ «ተስተካክሏል» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ሻይ ልትጠጣ ወረደች።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ከዚያው ጣቢያ፣ ሸካራ የሴት ድምፅ ነበር።

«እኔ አዋላጇ ነኝ። ስድስት ብዬ ነው የላክሁት፤ አንድ ሆኖ ወጥቶ አየሁት።»

«የአጻጻፍ ስህተት ነበረበት ሲስተር፤ አስተካክለነዋል።»

«ስህተት የለበትም። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው። ደም የሚያቆመው መርፌ ሙቀት አይችልም፤ ይሞታል። ብወጋቸውም ውሃ መውጋት ነው። ስድስቱም በደም ነው ያለቁት። ስማቸውን ልላክልዎት?»

«ስም አንቀበልም ሲስተር። ስም የሚገባበት ዓምድ የለንም።»

 ሴትየዋ «እንግዲህ ለማን ልንገር?» ብላ ጠየቀች፤ ተናድዳ ሳይሆን ከልቧ ማወቅ ፈልጋ። ትልቋ በጽሑፍ እንድታመለክት ነገረቻት። ማመልከቻው መጣ፤ ከሌሎች ማመልከቻዎች ጋር ተቀመጠ። አዲስ ማቀዝቀዣዎች ሲታደሉ ደግሞ እደላው የሄደው በሰንጠረዡ ቅደም ተከተል ነበር። ብዙ የሞተበት ቀድሞ ያገኛል። አንድ ብቻ የሞተበት ያ ጣቢያ መቶ ሃያኛ ወጣ። የተገዙት ማቀዝቀዣዎች ሠላሳ ነበሩ።

ሚጢ የደወለችው ዘንድሮ፣ ስምንተኛ ወሯ ላይ ነው።

«እታለም፣ አንቺ ጋ መጥቼ ልውለድ።»

«ምነው? ጣቢያው እግርሽ ሥር አይደል እንዴ?»

«የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አምና እዚያ ሞተች። ፈራሁ።»

ትልቋ ሰንጠረዡን ከፈተች። ጣቢያውን ፈለገች፣ በጣቷም መስመሩን ተከተለች። «አዎ፣ አንዲት አለች» አለች። «ያቺ አንዷ እሷ ናት ማለት ነው።»

«ሌሎችም ሰምቻለሁ። ከወንዝ ማዶ አንዲት…»

«ሚጢዬ፣ ወሬና ቁጥር አንድ አይደለም። ይህ እኮ ሥራዬ ነው። ከመቶ አርባው ጣቢያ የአንቺው ከደህናዎቹ ነው። ሆድሽ እንዲህ ገፍቶ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ብትቀመጪ ነው የሚብሰው።»

«እሺ» አለች ሚጢ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «አንቺ ካልሽ እሺ። ባለቤቴንም እንዲሁ እለዋለሁ፤ አንድ ብቻ ናት እለዋለሁ።»

ትልቋ ያን ጊዜ የአዋላጇ ስልክ ትዝ አላላትም ነበር ማለት ደስ ባለ። ግን ትዝ ብሏታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ጣቷ ገና ሰንጠረዡ ላይ ሳለ፣ ያ ሸካራ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ስድስቱን ማመን ግን ሕጉ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሕጉ ደግሞ እሷ ነበረች። ሌላም አለ፤ ይህንንም ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም። የዓመቱ ሪፖርት የሚደርስበት ወር ነበር፤ ቤቷ አንድ ክፍል፣ አልጋዋም አንድ። እህቷ መጥታ አንድ ወር እያቃሰተች፣ እያወራች፣ መብራት እያበራች እያጠፋች… ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

*

በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናት ትልቋን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«አናጢው ብቻውን አራስ ልጅ አያሳድግም። እኔም ጉልበቴ አልቋል። ልጅቷን አንቺ ትወስጃታለሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? አላገባሽ፣ አልወለድሽ። እግዜር በአንድ እጁ ነሥቶ በሌላው ሰጠሽ በይው። ለሚጢም የምትሆኝላት አንቺ ነሽ፤ ስትፈራ ያየሽላት አንቺ ነሽ።»

ትልቋ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ልጅ እንደማትወልድ ከተቀበለች ቆይታለች፤ ቢያንስ ተቀብያለሁ ትል ነበር። በእነዚህ አምስት ቀናት ግን ጡጦ ማሞቅ ተምራለች። የሕፃኗ ለቅሶ የረሃቡና የእንቅልፉ የተለያየ መሆኑን ለይታለች። ሕፃኗ እንቅልፍ ሲወስዳት የትልቋን የሸሚዝ ቁልፍ ትይዛለች፤ ይዛም አትለቅም። እናት ያንን ሲሏት ትልቋ ደስ አላት። እህቷ ከሞተች ሳምንት ሳይሞላት፣ በእህቷ ሞት ምክንያት፣ ደስ አላት። ደስታው እንደ ስርቆት ቢሰማትም አልተወችውም።

ከጓዳ ስትወጣ አናጢው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጠበቃት። ከቀብሩ ወዲህ ጺሙን አልተላጨም፤ እርሳሱ እንደ ልማዱ ጆሮው ላይ ተሰክቷል።

«እታለም፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ» አላት። «የእኔ ጽሕፈት ማንም አያነበውም። አንቺ ደግሞ የላይኛው መሥሪያ ቤት ሰው ነሽ፤ የአንቺ ቃል ይሰማል። ያቺን አዋላጅ ከዚያ ጣቢያ ማስነሣት እፈልጋለሁ። ማስነሣት ብቻ አይደለም፤ ዳግመኛ ሴት እንዳትነካ።»

«ቆይ እስቲ፣ ጥቂት ቀን ይለፍ…»

«ምን ይለፍ ትያለሽ? ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ብቻ የሞተበት ጣቢያ ነው። ራስሽ ነሽ ያልሺው! ስለዚህ መድኃኒቱ አለ፣ ሙያው አለ፣ ሁሉም አለ ማለት ነው። ታዲያ የእኔ ሚስት ለምን ሞተች? ሴትየዋ ቸል ብላት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

ነገሩ እንደ ጥሩ ማገር ገጥሟል፤ የሚላቀቅ ቦታ የለውም። ትልቋ እሱ ካሰላው የተሻለ ስሌት ለራሷ መሥሪያ ቤት ሰዎችም አስተምራ አታውቅም። ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ብትነግረው፣ አዋላጇ ነፃ ትወጣለች፤ ሕፃኗ ግን በዚህ ቤት ካለ ማንኛውም እጅ ወደ እሷ እጅ አትመጣም። ዝም ካለች ሕፃኗ የእሷ ናት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ጻፈችለት። ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው። «በዓመት ከአንዲት እናት በላይ በማይሞትበት ጣቢያ የባለቤቴ ሕይወት ያለፈው በአዋላጇ ቸልተኝነት መሆኑ…» ብላ ጀመረች፤ እስከ መጨረሻውም አንድ ቃል ሳትሰርዝ ጻፈች። 

*

አዋላጇ በሰባተኛው ቀን መጣች። ለለቅሶ አልነበረም፤ ማንም አልጠራትም። ከተወለደ በሰባት ቀኑ ሕፃን መመዘን አለበት፤ እናቱ ሞተችም ኖረችም። ሚዛኗን በጨርቅ ቦርሳ ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ወሬው ቆመ። ከወንበሩ የተነሣላት የለም። ልብስ ሰፊዋ ክፍት የነበረውን ወንበር ቦርሳዋን አስቀምጣ ያዘችው።

«ሕፃኗን ልመዝን ነው» አለች አዋላጇ ለማንም ሳይሆን። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ትከሻዋ የጎበጠ፣ ፊቷ እውነትም የማይፈታ ሴት ናት።

ትልቋ ተነሥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል መራቻት።  አዋላጇ ሚዛኑን ከበሩ ማንጠልጠያ አሰረች፣ ሕፃኗን በጨርቁ አድርጋ ሰቀለች፤ መርፌው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና ቆመ።

«ስንት ሆነች?» አለች ትልቋ፤ ጥያቄው አምልጧት ነው።

አዋላጇ ዞረች። አየቻት፣ ደግማ አየቻት።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «‹ስም የሚገባበት ዓምድ የለንም›።»

ትልቋ የሚዛኑን መርፌ ማየት ቀጠለች።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? የሟች ምኗ ነሽ?»

«እህቷ ነኝ።»

አዋላጇ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ እያሸች፣ «ታላቋ» አለች። «አንቺ ነሻ። ምጥ ላይ ሆና እኔን ታጽናናኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ፊቴን አይታ መሰለኝ። ‹አይዞሽ ሲስተር፣ እህቴ ሰነዱን አይታለች፤ አንቺ ጋ ሰው አይሞትም› አለችኝ። ደሙ መጣ ስላት እንኳ አልደነገጠችም። አንቺን አምና ሳትደነግጥ ነው የሞተችው።»

በፊተኛው ክፍል አንድ ሰው ሳል አለ። የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ።

«ስድስቱ የአምናዎቹ ናቸው» አለች አዋላጇ። «ዘንድሮ ከእህትሽ ጋር አራት ሆነዋል። አራት ብዬ እልካለሁ። ሕጋችሁ አንድ ያደርገዋል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ልጠይቅሽ። ከአራቱ ሦስቱን ስታጠፊ፣ እህትሽ ከየትኞቹ ናት? የምትተዪያት አንዷ ናት፣ ወይስ ከምታጠፊያቸው?»

ትልቋ ግድግዳውን ያዘች። አዋላጇ ተነሥታ ሕፃኗን ከሚዛኑ አወረደቻት፣ ጠቀለለቻት፣ መልሳ ትልቋ ክንድ ላይ አስቀመጠችላት። ጭካኔም ሆነ ርኅራኄ በሌለው፣ በሥራ እጅ።

«ለሰው አልናገርም» አለቻት። «ለቅሶ ቤት ነው። እናትሽም ምስኪን ናቸው። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆናለች፤ ትንሽ ቀንሳለች፣ ግን ደህና ናት።»

ሲወጡ አናጢው ክፍሉ መሀል ቆሞ ነበር። ወረቀቱን በእጁ ይዟል።

«ሲስተር፣ እንዳትሄጂ። ከኋላሽ ከማነበው ፊትሽ ላንብበው» አላት፤ አነበበውም። ድምፁ አንዳንድ ቃል ላይ ይሰበራል። «በዓመት ከአንዲት እናት በላይ በማይሞትበት ጣቢያ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ወደ ትልቋ እጁን ዘረጋ። «ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። ይህን የምትለው የመንግሥት ሰነድ የምታውቀው፣ የሚስቴ እህት ናት!»

«እናስፈርምለት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ እጀምራለሁ።»

አዋላጇ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወለሉን ታያለች። ቃሏን እያከበረች ነበር፤ አልናገርም ብላለች፣ አልተናገረችም። የሃያ ዓመት ሥራዋን የሚያሳጣት እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ።

ትልቋም ዝም ማለት ትችል ነበር። አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ደቂቃ፤ በነገታው አውቶቡስ፣ ከዚያ ቤቷ፣ ሕፃኗና እሷ። የምትሠራውን ሳታውቅ ነው የተናገረችው የሚሉ ይኖራሉ። አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ስትፈርም አየች፤ እስክሪብቶው ወደ እናቷ ሲሄድ አየች፤ እናቷ መነጽራቸውን ሲፈልጉ አየች። እናቷ በዚያ ቁጥር ላይ ሊፈርሙ ነው።

«ስድስት ናቸው» አለች።

«ምን?» አለ አናጢው።

«አምና የሞቱት። አንድ አይደሉም። ሲስተር ስድስት ብላ ልካልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አንድ ያደረግሁት። ብዙ ሲሆን ስህተት ነው ብለን ነው የምናስተካክለው። ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ መርፌው አይሠራም ብላ ደውላልኛለች። ስማቸውን ልላክ ብላኛለች። አልቀበልም አልኳት።»

 አናጢው የገባው አይመስልም፤ ወረቀቱን አሁንም ዘርግቶ ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ ግን ግንባሯን ቋጥራ አንድ ጣቷን አጠፈች።

«የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ለቅሶ ደርሻለሁ» አለች። «እሷ አንድ ናት።»

«የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅስ?» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ። «አሥራ ሰባት ዓመቷ። እዚያው አይደለም እንዴ?»

«እዚያው ነው» አለች አዋላጇ ከወለሉ ቀና ሳትል። «ሁለተኛዋ ናት።»

«ከወንዝ ማዶ የወንድሜ ምራት…» አለች ሌላዋ። «እኛ እኮ ዕድሏ ነው ብለን… ሦስት በሏት።»

«የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት።»

«አራት።»

«መንትዮቹን የወለደችው። መንትዮቹ አሉ።»

«አምስት» አለች አዋላጇ። «ስድስተኛዋ መንገደኛ ነበረች። ማንም አልመጣላትም። እኔ ነኝ የቀበርኳት።»

ሁሉም አንዳንድ ለቅሶ ደርሰው ነበር። ሁሉም አንዳንድ ጊዜ «ቀን ሲጥል ነው» ብለው ሻይ ጠጥተው ወጥተዋል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሲሞት ማን ደምሮት ያውቃል? መደመር የትልቋ ሥራ ነበር፤ ለዚህ ነው ደሞዝ የምትበላው። አሁን እነሱ በየተቀመጡበት፣ በጣታቸው ደመሩት። የዘንድሮዎቹንም ሦስት ጨመሩበት። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ የሚጢን ስም የጠራ የለም።

አናጢው ወረቀቱን አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ ከዚያ በላይ እስከማይታጠፍ ድረስ። «ልምጣ ብላሽ ነበር» አለ፤ ለትልቋ ይሁን ለወረቀቱ አልታወቀም። «አውቶቡስ ቲኬት ቆርጬላት ነበር። መልሰው ብላ አስመለሰችኝ።»

 እናት መነጽራቸውን አግኝተው አድርገዋል፤ እስክሪብቶው አሁንም በእጃቸው ነው። ልጃቸውን በመነጽሩ ውስጥ፣ ሩቅ ያለ ጽሕፈት እንደሚያነብ ሰው አዩዋት።

«እህትሽ ልምጣ ስትልሽ፣ ስለነዚያ ሴቶች ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር እማዬ። ስህተት መስሎኝ ነው።»

«ሴቶቹ ናቸው ስህተት የመሰሉሽ?»

ትልቋ አጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታ የሸሚዟን ቁልፍ ይዛ ነበር።

እናት እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፤ ሊያግዛቸው የተነሣውን ሽማግሌ በእጃቸው መለሱት። ትልቋ ፊት መጥተው ጎንበስ አሉ። የሕፃኗን ጣቶች አንድ በአንድ ከቁልፉ አላቀቁ፤ ቀስ ብለው፣ እንዳትነቃ እየተጠነቀቁ። ከዚያ ታቀፏትና ክፍሉን አቋርጠው በር ላይ ለቆመችው አዋላጅ ሰጧት።

«እስቲ አንቺ ያዥልኝ» አሏት። «ተቀመጪ። ወንበር ስጧት።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣች። አዋላጇ ተቀመጠች፤ ሕፃኗ አንዴ ተነጫንጫ ጸጥ አለች። አንዷ ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት ሲጠፋት ሻይ መቅዳት ጀመረች፤ በተራ እየሰጠች ትልቋ ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን ዘረጋችላት። ትልቋ ብርጭቆውን አየችው። ክንዶቿን ግን አልፈታችም፤ ባዶውን እንደታቀፈች፣ የግራ ክንዷን ለሕፃኗ ጭንቅላት ከፍ አድርጋ፣ ተቀምጣ ቀረች።